ስለ ቢላል ምላስ የተወራው

 

የዛሬው ስለ ቢላል ኢብኑ ረባሕ (ረዲየላሁ ዐንሁ) ነው። ታሪኩን ስንቴ ሰምተነዋል ትሉ ይሆናል፤ እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ግን አንድ ቀን እዚህ አሶሳ፣ ከማንጎ ዛፍ ሥር ደረሶቼን ሳስቀራ የተናገርኩት ነገር እኔኑ መልሶ ወደ ኪታብ ሰደደኝ።

ስምንት ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ ነበር። ቃፍን «ግ»፣ ሣእን «ስ» እያለ ያነባል። ልጆቹ ይስቃሉ። እኔም ምላሱ ኮልታፋ ነው ብዬ ደመደምኩ። እንዳይከፋው ብዬ ብዙዎቻችሁ የምታውቁትን ነገርኩት፦ ቢላልም «ሽ» ማለት ያቅተው እንደነበር፣ በአዛን ላይ ሸሃዳውን በ«ስ» ይል እንደነበር፣ ሰዎች ሲያማርሩም የቢላል ሲን አላህ ዘንድ ሺን እንደሆነ እንደተነገራቸው። ልጁ ፊቱ በራ። ከኋላ የተቀመጠ ሌላ ልጅ ግን እጁን አወጣና ቢላል እንዲህ የሆነው ሐበሻ ስለሆነ ነው ወይ፣ ጥቁር ስለሆነ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ልጁ ጥቁር ነው፤ እኔም ጥቁር ነኝ። የምመልሰው ጠፋኝ። ትምህርቱን ቶሎ ዘጋሁና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

እስቲ ከመነሻው እንጀምር።

ቢላል የተወለደው መካ ወይም በአካባቢዋ፣ ወደ 580 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። አባቱ ረባሕ፣ እናቱ ሐማማ ይባላሉ፤ ሥራቸው ሐበሻ፣ ኑሯቸው ባርነት። ያደገው በበኑ ጁመሕ ጎሳ ውስጥ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ልጅ የሚናገረው ከወላጆቹ በደም የወረሰውን ሳይሆን ሲያድግ የሰማውን ነው። አሶሳ ተወልዶ ያደገ የወሎ ሰው ልጅ ከጎረቤቶቹ ጋር ሲጫወት የሩጣንኛ ቃላት ከአፉ ቀላል ሆነው ሲወጡ ታዩ የለ? ቢላልም ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሰማው የመካን ዐረብኛ ነው። ዐረብኛ ለእሱ በኋላ የተማረው የባዕድ ቋንቋ አልነበረም።

እስልምናን የተቀበለው ከመጀመሪያዎቹ ጋር ነው። ጌታው ኡመያ ኢብኑ ኸለፍ በቀትር ሐሩር አውጥቶ በጋለ አሸዋ ላይ በጀርባው ያስተኛውና ትልቅ ድንጋይ ደረቱ ላይ ያስጭንበት ነበር። አንገቱ ላይ ገመድ አስገብተው የመካ ልጆች በየሸለቆው እንዲጎትቱት ያደርጉም ነበር። ልብ በሉ፣ ከእሱ የሚፈለገው ንግግር ብቻ ነበር። የጣዖቶቹን ስም በበጎ ያንሳና ይገላገል ነበር ጉዳዩ። ሌሎች በስቃዩ ብዛት አፋቸውን ሰጥተዋል፤ ልባቸው እስካልተናወጠ ድረስም አላህ ይቅር ብሏቸዋል። ቢላል ግን የአላህን አንድነት የምትገልጸውን አንዲት አጭር ቃል እየደጋገመ ከእሷ ሌላ ቃል ነፈጋቸው። በመጨረሻ አቡ በክር ገዝቶ ነፃ አወጣው። ኋላ ዑመር ሁለቱን ሲያነሳ አቡ በክርን ጌታችን፣ እሱ ነፃ ያወጣውንም ጌታችን ይል ነበር።

622 ላይ ሒጅራ ሆነ። መዲና ሲገቡ ብዙ ሙሃጂሮች በወባ መሰል ትኩሳት ወደቁ። አቡ በክርም ቢላልም ታመሙ። የእሜቴ ዓኢሻ ዘገባ ላይ ያለች አንዲት ነገር አለች፤ በጣም ስለምወዳት ሳልነግራችሁ አላልፍም። ቢላል ትኩሳቱ ለቀቅ ሲያደርገው ድምፁን ከፍ አድርጎ ግጥም ያንጎራጉር ነበር። ግጥሙ የናፍቆት ነው። የሚናፍቀው ግን ሐበሻን አይደለም፣ መካን ነው። በሸለቆዋ ዳግመኛ አድሮ በዙሪያው ኢዝኺርና ጀሊል የሚባሉትን ሣሮች ያይ እንደሆነ፣ መጀና ከምትባለው ውኃ ይወርድ እንደሆነ፣ ሻማና ጠፊል የሚባሉት ተራሮች ይታዩት እንደሆነ እየጠየቀ ነው። ያሰቃዩትን ከተማ ሣር በስሙ እየጠራ ይናፍቃል! ይህ ሰው በቃዠበት ሰዓት እንኳ ከአፉ የሚወጣው ሚዛኑን የጠበቀ የዐረብ ግጥም ነው። ከተራሮቹ የአንዱ ስም ደግሞ በሺን የሚጀምር ነው።

ከዚያ አዛን መጣ። ሙስሊሞች ለሰላት እንዴት እንጠራራ ብለው ተመካከሩ፤ ደወልም ቀንድም ተነሳ። ዐብዱላህ ኢብኑ ዘይድ የአዛኑን ቃላት በሕልሙ አየ። ለነብዩ (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) ሲነግራቸው እውነተኛ ሕልም መሆኑን አረጋገጡለት፤ ቃላቱን ግን ቢላልን እንዲያስጠናው አዘዙት፤ ምክንያቱንም ነገሩት፤ የቢላል ድምፅ ከእሱ ይልቅ የጠራና ሩቅ የሚደርስ ነው። ሕልሙን ያየው ሌላ፣ ጠሪው ሌላ ሆነ። ዝምድናና ጎሳ አልተቆጠረም፤ የተመረጠው በድምፁ ነው። ከመስጂዱ አጠገብ የበኑ ነጃር ሴት ቤት ከሁሉ ከፍ ያለ ስለነበር ቢላል ሌሊት ጣራዋ ላይ ወጥቶ ንጋትን ይጠባበቅ ነበር። ጎህ ሲቀድ ይንጠራራና ዱዓ አድርጎ አዛኑን ይጀምራል።

አብሮት የሚያዝን ሌላ ሰው ነበር፤ ዐብዱላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም። ዓይነ ስውር ነው። ጎህ መቅደዱን ሰዎች ሲነግሩት ነበር የሚያዝነው። የመዲና መስጂድ ሁለት ሙአዚኖች አንዱ የቀድሞ ባሪያ፣ አንዱ የማያይ ነበሩ ማለት ነው። ዛሬ በእኛ መስጂዶች ስንት ዓይነ ስውር ሙአዚን አለ?

እንግዲህ ድምፁ ተመስክሮለት የተመረጠ ሰው «ሽ» ማለት አቅቶት ነበር የሚለው ወሬ ከየት መጣ? ስፈልግ ያገኘሁት ይኼ ነው። ታላቁ የሐንበሊ ፈቂህ ኢብኑ ቁዳማ (1223 እ.ኤ.አ. ያረፉት) በሙግኒ ኪታባቸው ቢላል በ«ስ» ይል እንደነበር ጠቅሰውታል። እኛ የምንናገረው ከየትም አልተቀዳም ማለት አይደለም። የሀዲስ ሊቃውንቱ ሚዚና ኢብኑ ከሲር ግን ምንም መሠረት እንዳላገኙለት ተናገሩ፤ በሕዝብ አፍ የሚዞር ነገር ነው አሉ። ሰኻዊም (1497 ያረፉት) በሕዝብ ዘንድ የታወቁ ዘገባዎችን በመረመሩበት መጽሐፋቸው ውስጥ አስገብተውታል። ከማስረጃዎቹ አንዱ ደስ ይላል፦ ቢላል ኮልታፋ ቢሆን ኖሮ ሙናፊቆቹ ዝም ይሉ ነበር ወይ? በቀን አምስት ጊዜ መላው መዲና የሚሰማው ድምፅ ነው። እንከን የሚለቅሙት ሰዎች በየቤቱ ይቀልዱበትና ወሬው ይደርሰን ነበር።

630 ላይ መካ ስትከፈት የሆነውም ይህንኑ ያጠነክራል። ነብዩ (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) ቢላልን ከካዕባ ጣራ ላይ ወጥቶ እንዲያዝን አዘዙት። ያ በገመድ የተጎተተ ልጅ! ኡመያ ከስድስት ዓመት በፊት በድር ላይ ተገድሏል፤ ሌሎቹ የቁረይሽ ትልልቆች ግን ቆመው ያያሉ። አንዳንዶቹ በንዴት የተናገሩት ተዘግቧል። በቀለሙ ሰደቡት፤ ከቁራ ጋር አመሳሰሉት። ስለ ምላሱ ግን የተናገሩት አልተዘገበም። ዐረብኛን ከሁሉ በላይ የሚያውቁት፣ ቢያገኙ ደግሞ ከማንም በላይ የሚሳለቁት እነዚያ ነበሩ።

ታዲያ ወሬው ከባዶ ተነሳ? እንደሚመስለኝ አይደለም። የበስራው ጃሒዝ (869 ላይ የሞተው) አል-በያን ወት-ተብዪን በሚባለው መጽሐፉ ስለ ንግግር እንከኖች ረጅም ጽፏል። ኩልትፍና የሚገባባቸውን ፊደሎች ሲቆጥር ቃፍን፣ ሲንን፣ ላምንና ራእን ያነሳል። ይህን ለብቻው ያየዋል። ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር ይለያል፤ የሌላ አገር ሰው ዐረብኛ ሲናገር ከመጀመሪያ ቋንቋው ይዞት የሚመጣውን ለዛ። ለዚህ ከጠቀሳቸው ውስጥ ሱሐይም የሚባል የሐበሻ ባሪያ፣ ግሩም ገጣሚ አለ። ዑመር ፊት ቆሞ ሲናገር በሺን ፋንታ ሲን አለ። «ሽ» ማለት ያልሆነለት ሐበሻ እሱ ነው እንጂ ቢላል አይደለም። የአንዱ ለዛ ወደ ሌላው፣ ስሙ ወደ ገነነው ሐበሻ የዞረ ይመስለኛል፤ ይህ የኔ ግምት ነው።

የሱሐይምም ቢሆን በሽታ አልነበረም። ፊደላችንን ብቻ ማየት ይበቃል። በግዕዙ 26 ፊደል ውስጥ «ሸ» የለችም። ለአማርኛ ስትፈለግ ነው «ሰ» ላይ ከላይ ቅጥያ ተጨምሮ የተሠራችው። በልጅነቱ «ሽ» የሌለበት ቋንቋ የሰማ ሰው ሺን ሲያጋጥመው ጆሮው ራሱ ወደሚያውቃት ወደ «ስ» ይወስዳታል። እኛስ ዐይንን ስንቶቻችን ነን እንደ አሊፍ የምንላት? ምላሳችን ታሞ ነው?

ወደ ማንጎው ጥላ ልመልሳችሁ። በሌላ ቀን የዚያ ልጅ አያት መጡ። ሩጣንኛና የሱዳን ዐረብኛ ነው የሚናገሩት። ቁርኣኑን ለሚያስቀራ ኡስታዝ ሰላምታ ሲያቀርቡ፣ ስለ ልጁ ሲጠይቁ፣ ቃፍ በመጣች ቁጥር «ግ» ይላሉ። ሱዳን ሁሉ እንዲህ ነው የሚናገረው! ልጁ ከአያቱ ጋር በሩጣንኛ ሲያወራ ደግሞ ውኃ ነው፤ አንዲት ድምፅ አትሰናከልበትም። ኮልታፋ ያልኩት ልጅ የአያቱን ዐረብኛ ነበር የሚያነበው። ማስተካከል የነበረብኝ የቂርኣቱን ሕግ ነበር፤ የቃፍን መውጫ አሳይቶ ማለማመድ። እኔ ግን በሌለ በሽታ አጽናናሁት፤ ያጽናናሁበት ታሪክም መሠረት አልነበረውም።

ዩኒቨርሲቲ እያለሁ የሰማሁት አንድ ቀላል መለያ አለ፤ ያን ጊዜ ለፈተና ብቻ ያጠናሁት። እውነተኛ የንግግር ችግር ልጁ በሚናገራቸው ቋንቋዎች ሁሉ ይታያል፤ ከሁሉ በፊት በእናቱ ቋንቋ። በሁለተኛው ቋንቋ ብቻ የሚታየው ግን የመማር ደረጃ ወይም ለዛ ነው። በእኛ ክልል ይህ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ልጅ ቤቱ ሩጣንኛ ወይም ጉሙዝኛ ወይም ሺናሻኛ ይናገራል፣ ትምህርት ቤት አማርኛ ያገኘዋል፣ መድረሳ ዐረብኛ ይጠብቀዋል። በአማርኛው ዝም ያለውን ልጅ ፈዛዛ ነው ከማለታችን በፊት እናቱን በራሷ ቋንቋ ጠይቀናታል? ቤት ውስጥ ተረት ይናገራል? እህቱን በነገር ያሸንፋል? ከመምህሩ ይልቅ እናቱ ታውቃለች።

እና እውነተኛው ችግር ያለበትስ? ለእሱም ታሪክ አለው። ዋሲል ኢብኑ ዐጣእ በ8ኛው ክፍለ ዘመን በስራ ውስጥ የኖረ ሰው ነው። በዐቂዳው ከአህለ ሱና የተለየ ነው፤ የማነሳው ለሌላ ጉዳይ ነው። ዐረብኛ የገዛ ቋንቋው ሆኖ ሳለ ራእ የምትባለውን ድምፅ ማውጣት አይችልም ነበር። ራእ ደግሞ በዐረብኛ በየቃሉ ያለች ናት። ምን አደረገ? ራእ ያለባቸውን ቃላት ሁሉ ተወ። ለእያንዳንዱ ሌላ ቃል ፈለገ። በኢራቅ ገዥ ፊት አንዲት ራእ የሌለባት ረጅም ንግግር አድርጎ ሰዉን አስደነቀ። እኔ ግን ሳነበው ካደናቆቱ ይልቅ ድካሙ ነው የታየኝ። አፉን በከፈተ ቁጥር አደጋ ከሚጥልበት ቃል የሚሸሽ ሰው።

እንዲህ የሚሸሽ ልጅ እኔም ጋ ነበር፤ ሳላውቀው። እጁን አውጥቶ የጠየቀኝን ሳይሆን ከእሱ ጎን የሚቀመጠውን ነው። በጀመዓ ስናነብ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ለብቻው ስጠይቀው ዝም ይላል ወይም አላጠናሁም ይላል። ሰነፍ ነው ብዬ ብዙ ቀን ተቆጥቼዋለሁ። ኋላ ነው ከጓደኞቹ ጋር ሲያወራ ቆሜ የሰማሁት። በሩጣንኛውም በአማርኛውም ይንተባተባል፤ የመጀመሪያዋ ድምፅ ጉሮሮው ላይ ትቀራለች። ሳላጠና መጣሁ ማለት ከመንተባተብ ይቀለው ነበር። የሚንተባተቡ ብዙ ሰዎች ከሌሎች ጋር በአንድ ላይ ሲያነቡ ወይም ሲያዜሙ ምላሳቸው እንደሚፈታ በዘርፉ የታወቀ ነው። ከመቶ ሕፃናት አምስቱ ገደማ በሆነ ዕድሜ ላይ ይንተባተባሉ፤ አብዛኞቹ ይተዋቸዋል፤ ከመቶ አዋቂ አንዱ ገደማ አብሮት ይኖራል። ከአእምሮ ብስለት ጋር አይገናኝም። ደንግጦ ነው፣ ጂን ነው፣ ዓይን በልቶት ነው ሲባል እሰማለሁ። ሩቅያ ይቀራለት፣ ዱዓ ይደረግለት፤ እኔም አደርግለታለሁ። ግን እንደ ጥፋተኛ አይታይ።

ለዚህ ልጅ የቢላልን ወሬ ማጣቴ መጀመሪያ ከፍቶኝ ነበር። ከዚያ ግን የተረጋገጠው ከወሬው የሰፋ ሆኖ አገኘሁት። ሙሳ (ዐለይሂ ሰላም) ከአላህ ጋር የተነጋገረ ነብይ ሆኖ ሳለ ከምላሱ ቋጠሮው እንዲፈታለት ለምኗል፤ በንግግር ይበልጠኛል ብሎ ወንድሙን ሃሩንን እንዲታከልለት ጠይቋል። ፊርዐውን በንግግሩ እንዳላገጠበት ቁርኣን አልደበቀም። በሰሒሕ ሀዲስ ደግሞ ቁርኣንን እየተቸገረ የሚያነብ ሰው ሁለት አጅር እንዳለው ተነግሯል። በዐረብኛው እዚያ የገባው ግሥ ራሱ መንተባተብን የሚገልጽ ነው። ለስንት ዓመት ይህን ሀዲስ ለጀማሪ ቃሪእ ብቻ ስጠቅሰው ኖሬያለሁ!

የቢላልን ፍጻሜ ሳልነግራችሁ አልቋጭም። በ632 ነብዩ (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) አኺራ ሲሄዱ ያ ድምፅ ተሰበረ። ገና ሳይቀበሩ ሲያዝን ስማቸው ላይ በደረሰ ጊዜ መስጂዱ በለቅሶ ተሞላ ይባላል። ከዚያ በኋላ ለማንም ማዘን አልቻለም። አቡ በክር ከእሱ ጋር እንዲቆይ ሲፈልግ፣ ቢላል ነፃ ያወጣኸኝ ለራስህ ከሆነ ያዘኝ፣ ለአላህ ከሆነ ግን ተወኝ በሚል መንፈስ ለመነው። ወደ ሻም ሄደ። በጉልበትና በድንጋይ ያልተዘጋ አፍ በሐዘን ተዘጋ። ዓመታት አልፈው ዑመር ወደ ሻም ሲመጣ፣ እስቲ አንድ ጊዜ አዛን አድርግልን ብለው ለመኑት። ተነስቶ አዘነ። ሰሓቦቹ ያን ቀን እንዳለቀሱት አልቅሰው አያውቁም ይባላል። ዑመር ከሁሉ አብልጦ አለቀሰ። ቢላል በ20ኛው ዓመተ ሒጅራ ገደማ፣ ከ60 ዓመት ካለፈ በኋላ ደማስቆ ላይ አረፈ። ባብ ሰጊር በሚባለው መቃብር ተቀበረ።

ቃፍን «ግ» ይል የነበረው ልጅ አሁን ቁርኣን ላይ ቃፍን አስተካክሏል፤ ከአያቱ ጋር ሲሆን ግን «ግ» ነው፣ እንደዛም ይሁን። ጥያቄ ለጠየቀኝ ልጅ በደረሶቹ ሁሉ ፊት ተሳስቼ እንደነበር ነገርኩት። ከጎኑ ያለው አሁንም ለብቻው ሲያነብ ይይዘዋል። ከሌሎቹ ጋር ተስማምተናል፤ ቃሉን ማንም አይጨርስለትም፣ ቀስ በል ማንም አይለውም፣ እስኪጨርስ እንጠብቃለን። ባለፈው ሳምንት የዐስርን አዛን ላድርግ ብሎ ጠየቀኝ። እሺ አልኩት።

ወላሁ አዕለም።